ፍራንሲስ ሰምነር፤ ከትንሽ ኮሌጅ የተነሡ የሳይኮሎጂ ሊቅ

በትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ሳይኮሎጂ የሚማር ሰው ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። መጀመሪያ የሚጠይቁት ወላጆቹና ዘመዶቹ ናቸው። ሐኪም ወይም መሐንዲስ መሆን ሲቻል የሰውን ጠባይ ለማጥናት አራት ዓመት መድከም ምን ይጠቅማል ይሉታል። ቀጥሎ የሚጠይቀው እርሱ ራሱ ነው። መሣሪያው ጥቂት የሆነ ቤተ ሙከራ፣ ጥቂት መደርደሪያ ብቻ የሚሞላ መጽሐፍና በጣት የሚቆጠሩ መምህራን ባሉበት ቦታ ተምሮ፣ ለሰው የሚተርፍ ዕውቀት ማግኘት ይቻላል ወይ ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ በቀልድ ሊታለፍ አይገባውም።

እኛም ለዚህ ጥያቄ በክርክር ከምንመልስ ይልቅ የአንድ ሰው ሕይወት ቢመልስልን ይሻላል ብለን፣ በአሜሪካ አገር ከጥቁሮች መካከል በሳይኮሎጂ የዶክትሬት ማዕርግ ለማግኘት የመጀመሪያ የሆኑትን የፕሮፌሰር ፍራንሲስ ሴሲል ሰምነርን ታሪክ ለጓደኞቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰምነር የተወለዱት በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. አርካንሳስ በሚባለው የደቡብ ግዛት፣ ፓይን ብለፍ በምትባል ከተማ ነው። ባርነት በአሜሪካ በሕግ ከቀረ ገና ሠላሳ ዓመቱ ነበር። ቤተ ሰቡ ሰምነር የሚለውን ስም የያዘው በቻርልስ ሰምነር መታሰቢያነት ነው። ቻርልስ ሰምነር የማሳቹሴትስ ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩ ነጭ ሲሆኑ፣ ባርነትን በመቃወም ባደረጉት ንግግር ምክንያት በ1856 ዓ.ም. እዚያው በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ በከዘራ ተደብድበው ለብዙ ጊዜ ታመው የኖሩ ሰው ናቸው። እንግዲህ ፍራንሲስ ሰምነር ከመወለዳቸው አስቀድሞ ስማቸው አንድ ታሪክ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር ማለት ነው።

ቤተ ሰቡ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ስለ ተዘዋወረ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የተማሩት በቨርጂንያ፣ በዋሽንግተንና በኒው ጀርዚ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ግን የተማሩት በቤታቸው ነው። በዚያ ዘመን ለጥቁር ልጆች የሚሆን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በብዙ ቦታ አይገኝም፤ ቢገኝም ደካማ ነበር። አባታቸው ዴቪድ ሰምነር ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ልጃቸውን አስቀምጠው ያስነብቡና ያነበበውን ያስጽፉት ነበር። ትምህርቱ ከባድ ንባብና ከባድ ጽሕፈት ብቻ ነው። ደወል የለውም፤ የምስክር ወረቀትም የለውም። ይሁን እንጂ ሰምነር በኋላ ዘመናቸው የሚታወቁበት የንባብ ትጋትና የቋንቋ ፍቅር የተተከለው በዚህ በአባት ጉባኤ ነው ብንል አንሳሳትም።

በ1911 ዓ.ም. ሰምነር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳሉ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ስላልነበራቸው የገቡት የመግቢያ ፈተና ተፈትነው ነው። ሊንከን ስሙ ዩኒቨርሲቲ ይባል እንጂ በፔንሲልቫኒያ ገጠር ውስጥ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነበር። በ1854 ዓ.ም. ጥቁሮችን ለማስተማር ሲቋቋም ስሙ አሽመን ኢንስቲትዩት ይባል ነበር፤ በ1866 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሊንከን ስም ተጠራ። ከዚህ ትንሽ ቦታ በኋላ ዘመን የናይጄሪያው ናምዲ አዚኪዌ፣ የጋናው ክዋሜ ንክሩማህ፣ እንደዚሁም ታላቁ ጠበቃ ቱርጉድ ማርሻል ወጥተዋል። የማርሻልን ስም አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ ታሪኩ መጨረሻ እንመለስበታለንና።

ሰምነር በሊንከን ኑሯቸውን የደገፉት በትርፍ ጊዜያቸው ያገኙትን ሥራ እየሠሩ ነው። በ1915 ዓ.ም. ሲመረቁ ዕድሜያቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆን፣ በከፍተኛ ማዕርግ ከመመረቃቸውም በላይ በእንግሊዝኛ፣ በዘመናዊ ቋንቋዎች፣ በግሪክ፣ በላቲንና በፍልስፍና ልዩ ክብር ተሰጥቷቸዋል። ሳይኮሎጂ በዚህ ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ አንባቢ ያስተውላል። ምክንያቱም በዚያ ጊዜ በትንንሽ ኮሌጆች ሳይኮሎጂ ራሱን የቻለ ትምህርት አልነበረም። በፍልስፍና ወይም በትምህርት አሰጣጥ ሥር ተጠግቶ የሚሰጥ አንድ ሁለት ኮርስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ መሆኑ አያስደንቅም። ሳይኮሎጂ ከፍልስፍና ተለይቶ በሙከራ የሚመራ ዕውቀት መሆን የጀመረው፣ ቪልሄልም ቩንት የተባሉት ጀርመናዊ በ1879 ዓ.ም. በላይፕሲግ ከተማ ቤተ ሙከራ ካቋቋሙ ወዲህ ነው። ይህን አዲስ ትምህርት በአሜሪካ ከተከሉት ሰዎች አንዱ ግራንቪል ስታንሊ ሆል ይባላሉ። ሆል በ1878 ዓ.ም. ከሃርቫርድ በሳይኮሎጂ የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙ፣ በ1887 ዓ.ም. የአሜሪካን የሳይኮሎጂ መጽሔት የመሠረቱ፣ በ1892 ዓ.ም. የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑ ናቸው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በዉስተር ከተማ ላለው ለክላርክ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። በ1909 ዓ.ም. ዚግሙንድ ፍሮይድንና ካርል ዩንግን ከአውሮፓ ጠርተው በክላርክ ንግግር ያስደረጉም እርሳቸው ናቸው።

ወጣቱ ሰምነር ወደ እኒህ ሰው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውም መንገድ ከፈተ። በ1915 ዓ.ም. በክላርክ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የተቋቋመው ትንሹ ክላርክ ኮሌጅ ተቀበላቸው። በዚያም አንድ ዓመት ተምረው በ1916 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ሌላ የባችለር ዲግሪ አገኙ። አንድ ሰው አንድ ዲግሪ ይዞ ሁለተኛ የባችለር ዲግሪ ለምን ይማራል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በዚያ ዘመን የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች ከጥቁሮች ኮሌጅ የወጣውን ዲግሪ ብዙ ጊዜ እንደ ሙሉ ዲግሪ አይቆጥሩትም ነበር። ስለዚህ ከጥቁሮች ኮሌጅ የመጣ ተማሪ ወደ ከፍተኛው ትምህርት ለመግባት ሲፈልግ አንድ ጊዜ የወጣውን ዳገት ሁለተኛ ጊዜ መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር።

ሰምነር ከዚህ በኋላ ወደ ሊንከን ተመለሱ። በዚያም ተማሪም መምህርም ሆኑ። በአንድ በኩል ለማስተር ዲግሪያቸው እየተማሩ፣ በሌላ በኩል የሃይማኖትን ሳይኮሎጂ፣ የሙከራ ሳይኮሎጂንና የጀርመን ቋንቋን ያስተምሩ ነበር። በሃያ አንድ ዓመት ዕድሜ በትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ይህን ሁሉ ኮርስ መሸከም ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል። ትንሽ ኮሌጅ መምህሩን በአንድ ጠባብ ነገር ላይ ብቻ እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም። ይህ ጉዳት አለው፤ ጥቅምም አለው። ሰምነር ስለ ሰው ልቡና ሲያስቡ ሃይማኖቱንም፣ ቋንቋውንም፣ ሙከራውንም አንድ ላይ ማየትን የለመዱት በዚህ ጊዜ ነው።

በ1917 ዓ.ም. የማስተር ዲግሪያቸውን ከያዙ በኋላ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ቢያመለክቱ የተቀበላቸው አልነበረም። በመጨረሻ የተቀበሏቸው እኒያው ስታንሊ ሆል ናቸው። በክላርክ የሳይኮሎጂ ከፍተኛ የነጻ ትምህርት ዕድል ሰጥተው አስገቧቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መቅረት የለበትም። ሆል በ1904 ዓ.ም. ስለ ጉርምስና ባወጡት ትልቅ መጽሐፍ፣ አውሮፓውያን ያልሆኑትን ሕዝቦች ገና ወደ ጉልምስና ያልደረሱ እንደ ጎረምሳ የሚቆጠሩ ዘሮች አድርገው ጽፈዋል። እንግዲህ በሩን የከፈቱት ሰው ያስተምሩት በነበረው ሐሳብ መሠረት፣ በበሩ የገባው ተማሪ ከልጅነት ወገን የሚቆጠር ነበር። ይህን ስናነብ ሆልን አመስግነን ብቻ ወይም ነቅፈን ብቻ ለማለፍ ያስቸግረናል። ሰውየው በመጽሐፋቸው የበደሉትን በሥራቸው በከፊል ክሰዋል። ሰምነርም የመምህራቸውን ውለታ ተቀብለው ዕውቀቱን ወስደዋል፤ ያ ዕውቀት በኋላ በተማሪዎቻቸው እጅ የመምህሩን ሐሳብ የሚያፈርስ መሣሪያ ሆኗል።

ትምህርቱ እንደ ተጀመረ ጦርነት መጣ። አሜሪካ በ1917 ዓ.ም. ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገብታ ነበር። በ1918 ዓ.ም. ሰምነር ለዉስተር ከተማ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፣ አሜሪካ ለዴሞክራሲ እዋጋለሁ እያለች ጀርመንን ስትከስ፣ በገዛ አገሯ ግን ጥቁር ዜጎቿን መብት ትከለክላለች የሚል ነበር። በሰላም ጊዜ ይህ የታወቀ እውነት ነው። በጦርነት ጊዜ ግን የከተማው ሰው እንደ ክህደት ቆጠረው፤ ቁጣም ተነሣ፤ ባለ ሥልጣኖችም በነገሩ ገቡ። ሆል ለተማሪያቸው ቆሙላቸው። ሰምነርም ከዩኒቨርሲቲው ሳይባረሩ ቀሩ፤ ነገር ግን ወዲያው በዚያው ዓመት ለውትድርና ተጠሩ።

የተመደቡት 808ኛው ፓዮኒር እግረኛ ሬጂመንት በሚባለው የጥቁሮች ጦር ውስጥ ነው። ይህን የመሰለው ጦር ይበልጡን የሚሠራው መንገድ መጥረግን፣ ድልድይ መጠገንንና ዕቃ ማመላለስን ነበር። ሰምነር ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው እስከ 1919 ዓ.ም. አጋማሽ ቆዩ። የሀገራቸውን ግብዝነት በጋዜጣ የተቹት ሰው ለዚያችው አገር በባዕድ ምድር ጭቃ ውስጥ አገለገሉ። ከዚያ ሲመለሱ ያቋረጡትን ትምህርት ጀመሩ፤ በሚያዝኑበትም በሚመረሩበትም ነገር ጊዜ አላጠፉም።

በሰኔ ወር 1920 ዓ.ም. የዶክትሬት ማዕርጋቸውን ተቀበሉ። ለማዕርጉ የጻፉት የምርምር ሥራ የፍሮይድንና የአልፍሬድ አድለርን ሳይኮአናሊሲስ የሚመለከት ነው። ፍሮይድና አድለር መጀመሪያ አብረው የሠሩ፣ ኋላ በ1911 ዓ.ም. የተለያዩ ናቸው። ፍሮይድ የሰው ጠባይ ሥር ያለው በተደበቀ የፆታ ስሜት ነው ሲሉ፣ አድለር ደግሞ የሰው ኑሮ የሚንቀሳቀሰው ከበታችነት ስሜት ለመውጣት በሚደረግ ትግል ነው ይሉ ነበር። የጀርመንኛ መጻሕፍቱን በዋናው ቋንቋ ማንበብ የሚችል፣ ከዚያም በላይ ሌሎች የበታች ነህ እያሉት ያደገ አንድ ጥቁር ምሁር ይህን ክርክር መመርመሩ ያለ ምክንያት አይመስለንም።

እንግዲህ ዶክተር ሰምነር ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ከፍተኛውን ማዕርግ ያዙ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የት ይሥሩ የሚለው ነው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር መምህር አይቀጥሩም ነበር። ስለዚህ አንድ ዓመት በኦሃዮ በዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ፣ ከ1921 እስከ 1928 ዓ.ም. በዌስት ቨርጂንያ ኮሌጂየት ኢንስቲትዩት በሚባል ትንሽ የጥቁሮች ኮሌጅ አስተማሩ። በዚያም ምርምር ለማድረግ ገንዘብ ቢጠይቁ በዘራቸው ምክንያት የሚረዳቸው ድርጅት አላገኙም። ቢሆንም መጻፋቸውን አላቋረጡም።

በ1920ዎቹ መካከል ስለ ጥቁሮች ትምህርት ያወጧቸው ጽሑፎች ግን ክርክር አስነሥተዋል። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ሰምነር የጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት በሥራና በጠባይ ላይ እንዲያተኩር የሚመክር፣ ከቡከር ዋሽንግተን ሐሳብ ጋር የሚቀራረብ አቋም ወስደዋል፤ ትምህርት በዘር ተለይቶ መሰጠቱንም እስከ መደገፍ የደረሱበት ቦታ አለ። የሕይወት ታሪካቸውን ከጻፉት አንዳንዶቹ፣ ይህን ያደረጉት ከነጮች ድርጅቶች ለጥቁሮች ኮሌጅ ገንዘብ ለማስገኘት ብለው ይሆናል ይላሉ። እኛ የምንለው ግን ይህ ነው፤ በጋዜጣ ላይ በድፍረት የጻፈው ተማሪና በመጽሔት ላይ በጥንቃቄ የጻፈው መምህር አንድ ሰው ናቸው። ታላላቅ ሰዎችን ስናደንቅ እንከናቸውን ብንደብቅ የምንጎዳው ራሳችንን ነው፤ እነርሱ የደከሙበትን ቦታ ካላየን እኛ እዚያው ስንደክም አናውቀውምና።

በ1928 ዓ.ም. ዶክተር ሰምነር በዋሽንግተን ከተማ ወደሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። ሃዋርድ በ1867 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ከጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የታወቀ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያንም ስሙን እናውቀዋለን፤ ዶክተር መላኩ በያን በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነውና። ሰምነር እዚያ ሲደርሱ ሳይኮሎጂ ገና በሌላ ትምህርት ጥላ ሥር ነበር። እርሳቸው ሳይኮሎጂ ከፍልስፍናና ከትምህርት አሰጣጥ ተለይቶ ራሱን ካልቻለ፣ ተማሪው ሙከራን ሳያውቅ ወሬን ብቻ ይዞ ይወጣል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። ይህን ሲያስረዱና ሲከራከሩ ቆይተው በ1930 ዓ.ም. ሳይኮሎጂ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሆነ፤ እርሳቸውም ፕሮፌሰርና የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። በዚያም ሥራ እስከ ዕለተ ሞታቸው ቆይተዋል።

ክፍሉ ትንሽ ነበር። ፍሬዴሪክ ዋትስና ማክስ ሚነስ የተባሉት መምህራን አብረዋቸው ሠርተዋል። የሚሰጠውም ዲግሪ ባችለርና ማስተር ብቻ ነው፤ በሰምነር ዘመን ሃዋርድ በሳይኮሎጂ ዶክትሬት አይሰጥም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ተስፋ ይቆርጥ ይሆናል። ሰምነር ግን ክፍሉን ለሌላ ሥራ አዘጋጁት። ሥራውም ተማሪውን ከመጀመሪያው ዲግሪ ጀምሮ በሚገባ አሠልጥኖ፣ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሊመልሱት እስከማይችሉ ድረስ አዘጋጅቶ መላክ ነበር።

ከማስተማሩ ጋር ሌላ የማይታይ ሥራ ይሠሩ ነበር። በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ የሚወጡትን የሳይኮሎጂ ጽሑፎች እያነበቡ፣ ፍሬ ነገራቸውን በእንግሊዝኛ እያሳጠሩ ለሙያው መጽሔቶች ይልኩ ነበር። በዚህ ዓይነት ያሳጠሩት ጽሑፍ በሺህ የሚቆጠር ነው። ይህ ሥራ ስም አያስጠራም፤ ግን አንድ ተመራማሪ በሌላ አገር የተገኘውን ዕውቀት ቋንቋውን ሳያውቅ እንዲያገኘው ያደርጋል። በልጅነታቸው አባታቸው ያሸከሟቸው ንባብና በሊንከን የተማሩት ቋንቋ እዚህ ላይ ፍሬ አፈራ። ለሙከራ መሣሪያ ገንዘብ ያልተሰጠው ሰው፣ ገንዘብ በማይጠይቅ ነገር፣ በንባብ፣ ለሙያው አገልግሎት ሰጠ።

በገዛ ምርምራቸውም ስለ ሃይማኖት ሳይኮሎጂ፣ እንዲሁም ጥቁሮችና ነጮች ስለ ፍርድ አሰጣጥ ስላላቸው አስተያየት ጽፈዋል። በ1931 ዓ.ም. በቪየና ከተማ ስለ ሃይማኖት ሳይኮሎጂ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይም ተካፍለዋል።

አሁን ስለ ተማሪዎቻቸው እንናገር፤ የመምህር ፍሬ የሚታወቀው በተማሪው ነውና። በ1931 ዓ.ም. ኬኔት ክላርክ የሚባል በፓናማ ተወልዶ በኒው ዮርክ በሃርለም ያደገ ወጣት ሃዋርድ ገባ። ሐሳቡ ሐኪም መሆን ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ ገደማ ግን የሰምነርን የሳይኮሎጂ ትምህርት ሰማ፤ ሰው በሰው ላይ ስለሚያደርገው ነገር በሥርዓት መመርመር እንደሚቻል ሲረዳ የሕክምናውን ሐሳብ ተወው። በ1935 ዓ.ም. ባችለር፣ በ1936 ዓ.ም. ማስተር ዲግሪውን ያዘ። ከዚያም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቀጥሎ በ1940 ዓ.ም. ዶክተር ሆነ።

በ1934 ዓ.ም. ደግሞ ሜሚ ፊፕስ የምትባል ልጅ ከአርካንሳስ መጣች፤ የሰምነር የትውልድ አገር ልጅ ናት። የመጣችው ሒሳብ ለመማር ነበር። ኬኔት ክላርክ ሳይኮሎጂ እንድትማር መከራት፤ እርስዋም ወደ ሰምነር ክፍል ገባች። በ1938 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕርግ ተመርቃ፣ በ1939 ዓ.ም. የማስተር ጽሑፏን በትንንሽ ጥቁር ልጆች ላይ አደረገች። የጽሑፉም ጥያቄ አንድ ጥቁር ሕፃን ጥቁር መሆኑን የሚያውቀው መቼ ነው፣ ሲያውቅስ ራሱን እንዴት ያያል የሚል ነበር። ሜሚና ኬኔት ተጋብተዋል፤ ሜሚም በ1943 ዓ.ም. ከኮሎምቢያ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘች።

ከዚህች የማስተር ጽሑፍ የተነሣው ጥያቄ ወደ ታወቀው የአሻንጉሊት ሙከራ አደረሳቸው። ባልና ሚስቱ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ለሆናቸው 253 ጥቁር ልጆች አሻንጉሊቶች አቀረቡ። አሻንጉሊቶቹ በቀለማቸው ካልሆነ በቀር አንድ ዓይነት ነበሩ። ከልጆቹ 134ቱ በደቡብ በዘር በተለየ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ 119ኙ በሰሜን ከነጮች ጋር የሚማሩ ናቸው። ልጆቹን ከየትኛው ጋር መጫወት ትወዳላችሁ፣ መልካሙ የትኛው ነው፣ መጥፎ የሚመስለው የትኛው ነው እያሉ ጠየቋቸው። ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል ለመጫወቻ የመረጡት ነጩን አሻንጉሊት ነው። በመጨረሻ እናንተን የሚመስለው የትኛው ነው ተብለው ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ልጆች አለቀሱ፤ ከክፍሉ ሮጠው የወጡም ነበሩ። ውጤቱ በ1947 ዓ.ም. ታተመ።

ቀደም ሲል አንባቢ እንዲያስታውሰው የለመንነው የሊንከን ተመራቂ ቱርጉድ ማርሻል፣ በሃዋርድ ሕግ ተምሮ በዘር የተለየውን ትምህርት ቤት በፍርድ ቤት የሚዋጋ ጠበቃ ሆኖ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ በክርክራቸው ላይ ኬኔት ክላርክን እንደ ባለሙያ ጠሩት። በግንቦት 17 ቀን 1954 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙ ዳኞች በአንድ ድምፅ ሆነው በሕዝብ ትምህርት ቤት ልጆችን በዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን የሚቃወም ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱ ከጠቀሳቸው የሳይኮሎጂ ጥናቶች መካከል በመጀመሪያ የተመዘገበው የኬኔት ክላርክ ጽሑፍ ነው። ፍርዱ የቆመው በዚህ ጥናት ብቻ አይደለም፤ የሕግ ክርክሩ ለብዙ ዓመት የተካሄደ ነው። በአሻንጉሊቱ ሙከራ አሠራር ላይም በኋላ ሊቃውንት ትችት አቅርበዋል። ይሁን እንጂ በትንሽ የትምህርት ክፍል የተጻፈች የአንዲት ተማሪ የማስተር ጽሑፍ ያነሣችው ጥያቄ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መድረሱ የማይካድ ነገር ነው።

ፕሮፌሰር ሰምነር ይህን ቀን አላዩም። ከአራት ወር አስቀድሞ፣ በጥር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከቤታቸው ደጅ በረዶ ሲጠርጉ ሳለ ልባቸው ቆሞ በድንገት ዐረፉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ዓመት ነበር። በጦርነቱ ስላገለገሉ የተቀበሩት የአገራቸው ወታደሮች በሚቀበሩበት በአርሊንግተን ነው። በጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ ምክንያት አገሩን ከዳ የተባለው ተማሪ በዚህ ዐረፈ።

ልጆች አልወለዱም፤ ግን ያስተማሯቸው ብዙ ናቸው። በ1972 ዓ.ም. በተደረገ ቆጠራ በአሜሪካ በሳይኮሎጂ የዶክትሬት ማዕርግ የነበራቸው ጥቁሮች 300 ያህል ሲሆኑ፣ ከእነዚህ 60ው ባችለር ወይም ማስተር ዲግሪያቸውን የያዙት ከሃዋርድ ነበር። ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ዶክትሬት የማይሰጥ ክፍል ይህን ያህል ዶክተር ማፍራቱን ስንመለከት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ምን ያህል ክብደት እንዳለው እንረዳለን።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ መጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። ትንሽ ኮሌጅ የሚጎድለው ነገር ብዙ ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ሰምነርም ገንዘብ ባለማግኘታቸው ሊያደርጉት ይፈልጉት የነበረው ምርምር ሳይደረግ ቀርቷል። ያ ኪሳራ ነው፤ በትጋት ብቻ የሚካስ አይደለም። የከለከሏቸውም ሰዎች በሰምነር ብርታት ምክንያት ከጥፋታቸው ነጻ አይሆኑም።

ነገር ግን ከሕይወታቸው የምንወስደው ሦስት ነገር አለ ብለን እናምናለን። አንደኛው፣ ቋንቋ ያለው ተማሪ መጽሐፍ አያጣም። ሰምነር በትንሽ ኮሌጅ ሳሉ የላይፕሲግንና የቪየናን ሊቃውንት ያገኙት በጀርመንኛቸው ነው። ሁለተኛው፣ ጥሩ ጥያቄ ከውድ መሣሪያ ይበልጣል። የአሻንጉሊቱ ሙከራ የፈለገው ጥቂት አሻንጉሊትና ልጆችን በትዕግሥት ማነጋገር ነው፤ ጥያቄው ግን ጠያቂዎቹ በልጅነታቸው በገዛ ሕይወታቸው ካዩት ነገር የተነሣ ነው። እኛም በየሰፈራችንና በየትምህርት ቤታችን የምናየው፣ ማንም ያልጠየቀው ብዙ ነገር አለ። ሦስተኛው፣ የመጀመሪያ የሆነ ሰው ሥራው የሚፈጸመው ሁለተኛና ሦስተኛ ሲያስከትል ነው። ሰምነር ብቻቸውን የወጡትን ዳገት ሌላው ብቻውን እንዳይወጣው መንገዱን ጠርገዋል።

ከእኛ መካከል ሳይኮሎጂን የሚማር ጓደኛ፣ ዘመዶቹ ይህ ትምህርት ምን ይጠቅማል ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ ይህን ታሪክ ቢነግራቸው መልካም ነው። ራሱን ሲጠይቅ ግን ታሪኩ ብቻ አይበቃውም፤ መልሱን በሥራው መስጠት ይኖርበታል።